የጦሳው ዋርካ

ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ደሴን ከላይ ከሚያያት ጥግ ላይ፣ አንድ ዋርካ ነበረ። ዋርካ እንዲህ ያለውን ደጋ አይወድም ይላሉ፤ ይኸኛው ግን የነገረው ስላልነበረ በቅሎ አደገ። ግንዱ አንድ ነው። ከፍ ሲል በሦስት እጅ ይከፈላል፤ ከየእጁ ሌሎች እጆች ይወጣሉ፤ ከእነዚያም ሌሎች፣ እንዲያ እያለ እስከ ቀንበጡ ይደርሳል። በዚያ አገር ከዋርካው ድርሻ የሌለው እንስሳ አልነበረም። ዋኔ ጎጆዋን ትቀልስበታለች፣ ንብ ቀፎዋን ታንጠለጥልበታለች፣ ጉጉት ቀኑን ተኝታበት ትውላለች። ዛፍ ወጥቶ የማያውቀው ጃርት እንኳ ከአያቱ የወረሰው ቅርንጫፍ ነበረው፤ ከሥሩ ቁጭ ብሎ የሚወድቀውን ፍሬ ይለቅማል።

የዋርካው ጠባቂ አባ ጉሬዛ ነበሩ። በጥቁር ቀሚስ ላይ ነጭ ካባቸውን ደርበው ከጠዋት እስከ ማታ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይመላለሳሉ። የቱ እጅ ከየቱ እንደበቀለ፣ የት ፍሬ እንደበሰለ፣ የት ትል እንደገባ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ዘመን አለፈ። የጦሳ ብርድ የከበዳቸው ቤተሰቦች ቦርከናን ተከትለው ወደ ሞቃቱ ሜዳ ወረዱ። ቦርከና ከደሴ ጋራዎች ተነሥቶ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚፈስ ወንዝ ነው፤ በዚያ አገር ዘመድ ከዘመድ የሚለያየውም የሚገናኘውም በእሱ ዳር ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ ላይ። በሁለቱ መካከል ለመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ለጥንቸል ግን ያለው የሀረጎ አቀበት ነው።

ቦታ ቢለወጥ ድርሻ አይቀርምና፣ የወረዱትም ዋርካቸውን አልረሱም። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ራሱ እየወጣ ያይ ነበር። ጃርት ግን አንድ ክረምት ሀረጎ ላይ ጉም ውጦት ሦስት ቀን አንድ ድንጋይ ሲዞር ሰነበተ። ዋኔም ለአንድ እንቁላል ብላ ስትመላለስ ሌላኛውን ጭልፊት ወሰደባት። በዚህ ጊዜ ጀማው ቦርከና ዳር ተሰበሰበ። ቡና ተፈላ። አቦሉ ወረደ፣ ቶናው ወረደ፤ በረካው ላይ ሲደረስ፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የነበሩት እመት ኤሊ አንገታቸውን አወጡ።

«ዛፉ አይወርድም» አሉ። «እኛም መውጣቱ አልሆነልንም። መሄድ ያለበት ቃል ነው። ቃል ደግሞ ካልቀለለ ሀረጎን አያልፍም።»

«ታዲያ እንዴት ይሁን፣ እመት ኤሊ?»

«ጥንቸል እግረ ፈጣን ናት፤ መልእክት እሷ ታድርስ። ቅርንጫፍ ሁሉ ስም ይኑረው። ቀንበጥ ሲያቆጠቁጥ አባ ጉሬዛ ስም ያውጡለት፤ ሲደርቅ ስሙ አብሮት ይቀበር እንጂ ለሌላ አይሰጥ። ስለ አንድ ቅርንጫፍ የጠየቀ፣ በቀጥታ ከእሱ ላይ የበቀለው ብቻ ይነገረው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ካሻው እንደገና ይጠይቃል፤ ካላሻው አባ ጉሬዛን ለምን እናደክማቸዋለን? ሁሉን በአንዴ ልስማ ያለ አንዱንም አይሰማ።»

ጥንቸል ጆሮዋን አቀናች። እመት ኤሊ ቀጠሉ። ጠያቂው ለጥንቸል ክር ይሰጣታል፤ ክሩ ላይ የራሱን ቋጠሮ ይቋጥራል። መልሱም ያንኑ ቋጠሮ ይዞ ይመለሳል፤ የማን ጥያቄ እንደተመለሰ በዚያ ይለያል። መልስ ከዘገየ ያው ቋጠሮ ተቋጥሮ ይደገማል። አባ ጉሬዛ ያንን ቋጠሮ ከዚህ ቀደም አይተውት እንደሆነ መልሱን ይደግማሉ፤ ሥራውን ግን አይደግሙም። ስለ አንድ ቅርንጫፍ ጠይቆ የሚጠባበቅ ሲኖር፣ በቅርንጫፉ ላይ የተለወጠ ነገር ካለ ሳይጠየቁ ይልኩበታል። የሌለ ነገር ሲጠየቁ ደግሞ «የለም» ይላሉ።

«በቃ?» አለ ጃርት።

«በቃ» አሉ እመት ኤሊ፤ አንገታቸውንም መለሱ።

ክሩ ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጥር ሥር ተለቀመ። ነገሩም ሠመረ። ዋኔ «ከብርቄ ላይ ምን አለ?» ብላ ትልካለች። «ሁለት እጅ፤ ዘመናይና አጉራሽ» የሚል ይመጣላታል። «ከአጉራሽስ?» ትላለች። «ሦስት ቀንበጥና አንድ ጎጆ፤ ጎጆው ውስጥ ሁለት እንቁላል» ይባላል። ጃርት «ከማንአስቦሽ ላይ ፍሬ አለ?» ሲል «የለም» ይመጣለታል፤ ጃርትም አዝኖ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጥንቸል በቀን ሁለት ጊዜ ሀረጎን ትሻገራለች፤ ከክሩ በቀር የምትሸከመው ስላልነበራት አልደከማትም። አባ ጉሬዛም ከሰዓት በኋላ ትንሽ ያሸልባሉ።

እንዲህ ሆኖ ጥቂት ዓመት ኖሩ።

ኮምቦልቻ አያ ከርከሮ የሚባል ነበረ፤ ከየፋብሪካው ጓሮ የሚጣለውን ሲለቅም ሰብቶ ትልቅ ሰው ሆነ። አንድ ቀን ጥንቸልን በሩ ላይ አቁሞ እንዲህ አላት።

«እኔን የሚያክል በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ደጅ ይጠናል? አንዴ ከብርቄ፣ አንዴ ከዘመናይ እያልኩ? ዋርካውን በሙሉ ላኩልኝ በያቸው።»

«ሙሉውን ምን ያደርጉታል፣ አያ ከርከሮ?»

«ምን እንደማደርገው እስካሁን የጠየቀኝ አልነበረም» አለ አያ ከርከሮ።

አባ ጉሬዛ መልእክቱ ሲደርሳቸው ካባቸውን አስተካክለው ከሥር ጀመሩ። ለየቅርንጫፉ አንድ ክር፣ ለየቀንበጡ አንድ ቋጠሮ፣ ለየቅጠሉ አንድ ምልክት። በመስከረም የጀመሩት በግንቦት አለቀ። ጥንቸል ቀና ብላ አይታ «ይህን እኔ አልችለውም» አለች፤ ሰባት አህያ በኪራይ መጣ። አህዮቹ ሀረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ በክሩ ላይ ያለው የመስከረም ቅጠል ረግፎ ዛፉ ላይ ሌላ በቅሎ ነበር። አያ ከርከሮ ጭነቱን አልፈታውም። እንግዳ ሁሉ እንዲያየው ከነቋጠሮው አጥሩ ላይ ሰቀለው።

ከዚያ ወዲህ ክብር የተሰማው ሁሉ ሙሉውን ዋርካ መጠየቅ ጀመረ። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ መጠየቅ የድሀ ምልክት ሆነ። አህዮችም ማኅበር አቋቋሙ። የዋኔ ባለ ሁለት ቃል ጥያቄ ከአርባ አህያ ኋላ ተሰልፎ ሀረጎን ሲወጣ፣ የጠየቀችባቸው እንቁላሎች ተፈልፍለው መብረር ቻሉ። የአባ ጉሬዛ እንቅልፍ ቀረ።

እመት ኤሊ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም። ዘንጋቸውን አንሥተው፣ መልእክተኛ ሳይልኩ፣ በራሳቸው እግር ወደ ዋርካው መንገድ ጀመሩ።

እሳቸው ገና የኮምቦልቻን ዳር ሳያልፉ ሌላ ነገር መጣ። ቀበሮ በጀማው መካከል ቆሞ «ወገኖቼ» አለ፤ «እኛ እኮ ዘመዳሞች ነን። ዘመድ ለዘመዱ ቋጠሮ ይልካል? ሰላምታ የት ሄደ?» ነገሩ ብዙዎችን ነካ። አንዳንዶች አለቀሱ። ቋጠሮው ቀረና መልእክት ሁሉ በሰላምታ እንዲጀመር ተወሰነ፤ እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ፣ ቀጥሎ የላኪው ማዕረግ፣ ቀጥሎ የተቀባዩ ማዕረግ፣ ቀጥሎ የአህያው ስም። ክሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ያልቅና ጥያቄው ሳይጻፍ ይቀራል። አባ ጉሬዛ ለተላከላቸው ሰላምታ ሰላምታ ይመልሳሉ፤ አገሩም እርስ በርሱ በጣም ተከባበረ።

ጥያቄው ከሰላምታ ተርፎ ከደረሰ ደግሞ መልሱ የማን እንደሆነ የሚለይበት ጠፋ። አህያው ኮምቦልቻ ገብቶ መጀመሪያ ላገኘው ያስረክባል። «ጎጆው ውስጥ ሁለት እንቁላል አለ፤ እናትየው እዚህ የለችም» የሚለው የዋኔ መልስ ለቀበሮ ደረሰው። ቀበሮም ረጅም የምስጋና ሰላምታ ላከ።

ንብ በዚያው ሰሞን አንድ ቀፎ ዘመናይ ላይ እንዲሰቀልላት ፈለገች። አህያ አልተገኘም፤ ቁራ ተላከ። ቁራ መልእክተኛ ሆኖ ምን እንደሚያደርግ ከኖኅ ጀምሮ የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን አጎቱ ከጀማው ሽማግሎች አንዱ ነበሩ። ቁራ ሳይመለስ ቀረ። ንብ ሌላ ቁራ ላከች። ያም ቀረ። ሰባት ቁራ ላከች። በእውነቱ ሰባቱም ደርሰዋል፤ መመለሱን ነው የተዉት። አባ ጉሬዛም ቋጠሮ ስለሌለ የትኛው አዲስ፣ የትኛው የተደገመ እንደሆነ መለየት አልቻሉም፤ ሰባት ቀፎ ሰቀሉ። ዘመናይ ተገነጠለች። ንብ አቤት ስትል «ሰባት ጊዜ ያዘዝሽ አንቺ ነሽ» ተባለችና የስድስት ቀፎ ዋጋ ከፈለች።

የዘመናይ መገንጠል ጀማውን አስደነገጠ። ጥፋቱ የት እንዳለ ሲመረመር ስሙ ላይ ተገኘ። «ዘመናይ ተብላ ባትጠራ ይህን ያህል ቀፎ ልሸከም ባላለች» አለ አንዱ። ሌላው ተነሥቶ የእሱ ቅርንጫፍ ለምን ማንአስቦሽ እንደተባለች ጠየቀ። ሦስተኛው፣ አጉራሽ የሚባል ቅርንጫፍ ካለ ሌሎቹ ምን ሊሆኑ ነው፣ ጎራሽ? አለ። ስም ሁሉ አድልዎ ነው ተባለና ተሻረ። በምትኩ ቅርንጫፉ ከቀኝ ወደ ግራ ተቆጥሮ በቁጥር ይጠራ ተባለ። ቁጥር ማንንም አያስቀይምም።

የማን ቀኝ? የሚለው ጥያቄ አንድ በጋ ፈጀ። ፊቱን ወደ ጦሳ ያዞረ አንድ ቀኝ አለው፤ ወደ አዝዋ ገደል ያዞረ ሌላ። በመጨረሻ፣ እኩልነት እንዳይጓደል፣ ሁሉም በየራሱ ቀኝ እንዲቆጥር ተፈቀደ።

ጃርት ደረቅ ቅርንጫፍ ነበረው። እንዲቆረጥለት ላከ፤ «ከሁለተኛው እጅ፣ ከቀኝ ሦስተኛው ይቆረጥ።» አህያው ሀረጎን ሲወጣ ከአዝዋ ገደል በኩል የተነሣ ነፋስ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ሰበረው። ሁለተኛው አንደኛ ሆነ፤ ሦስተኛው ሁለተኛ ሆነ፤ የዋኔ ጎጆ ያለበት አራተኛው ሦስተኛ ሆነ። አህያው ደረሰ። አባ ጉሬዛ ከቀኝ ቆጠሩ፤ ሦስት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ግን ስም ጠርቶ መጠየቅ ክልክል ነበር። ቆረጡት።

ዋኔ ወደ አበጋሮቹ ሄደች። አበጋሮቹ በዚያ አገር ደም ያስታረቁ፣ የከረረ ያረገቡ ሽማግሎች ናቸው። ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ ሁሉንም በየተራ ሰሙ፣ አልቸኮሉም።

«የታዘዘው ስንተኛው ነበር?» አሉ።

«ሦስተኛው» አለ ጃርት።

«የተቆረጠውስ?»

«ሦስተኛው» አሉ አባ ጉሬዛ፣ መሬት መሬት እያዩ።

አበጋሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እንግዲህ ጥፋት አላየንም» አሉ።

«ጎጆዬስ?» አለች ዋኔ።

«ልጄ፣ ጎጆሽ ስንተኛው ላይ ነበር?»

«አራተኛው ላይ።»

አንድ ታዛቢ ተልኮ አየ። አራተኛው ቅርንጫፍ ሳይነካ ቆሟል። «ቅርንጫፍሽ ደህና ነው፣ አብሽሪ፤ ሄደሽ ግቢበት» ተባለች። ዋኔ ሄደች። አራተኛው ላይ ጉጉት ነበረች፤ እሷም እስከ ትናንት አምስተኛው ላይ ስለነበረች ነገሩ አልገባትም። ሁለቱ ሲጣሉ ጉዳዩ እንደገና ለአበጋሮቹ ቀረበ፤ ሁለቱም በቁጥሩ ልክ ስለተቀመጡ ሁለቱም ትክክል እንደሆኑ ተነገራቸው። የጃርት ደረቅ ቅርንጫፍ እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ኖረ።

እመት ኤሊ በዚህ ጊዜ የሀረጎን ግርጌ ይዘዋል።

ቅርንጫፉ ሲቆረጥና ቁጥሩ ሲንሸራተት «የለም» የሚለው መልስ በዛ። የአያቴ ቅርንጫፍ የት ነው? የለም። የእኔስ? የለም። ሰባተኛው? የለም። ኮምቦልቻ ቅር አላት። ከሽማግሎቹ አንዱ ተነሥተው በዝግታ ተናገሩ።

«ይህች እኮ ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበትን አዳራሽ አይጠየፍ ብለው የሰየሙባት አገር ናት። የመጣ ሁሉ በልቶ የሚሄድባት አገር። በዚህች አገር ሰው ደጅ መጥቶ ሲጠይቅ የለም ይባላል?»

አይባልም ተባለ። ቃሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከለከለ። ለሌለ ነገር ሁሉ «እየታየ ነው» የሚል መልስ ወጣ።

ይህ ሁሉንም አስደሰተ። የለም የተባለ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እየታየ ነው የተባለ ግን ይጠብቃል። የቀረው ዘመዱ እንዳይቀድመው ሀረጎ ድረስ ወጥቶ ይጠብቃል። መጀመሪያ በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲቆይ ቅጠል ጣሉ። ሲከርም ጎጆ ቀለሱ። ጉልት ተከፈተ፤ ቆሎ የሚሸጥ መጣ፣ ለሚጠባበቅ ሰው ሰልፍ የሚይዝ መጣ፣ ሰልፍ ለሚይዘው ቡና የሚያፈላ መጣ። ሀረጎ ላይ ተጋቡ፤ ሀረጎ ላይ ወለዱ። ልጆቹ አባታቸው ስለ ስንተኛው ቅርንጫፍ እንደሚጠይቅ ከእናታቸው ይማራሉ፤ አባት ሲሞት ሰልፉ ለበኩር ልጅ ያልፋል። እመት ኤሊ በመካከላቸው ሲያልፉ አንድ ልጅ አስቆማቸው።

«እማማ፣ ሰልፍ አለ።»

«እኔ ጥያቄ የለኝም፣ የኔ ልጅ።»

ልጁ የተከለከለ ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ወደ እናቱ ሮጠ።

እንግዲህ መልስ ሲዘገይ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ዋርካው ራሷ ዘንድ እንዲኖራት አሰበች። ከሐይቅ አንድ ዳክዬ ተጠራ። አያቶቹ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የእስጢፋኖስ ገዳም ጸሐፍት ቀለም ሲበጠብጡ ከውሃው ላይ ሆነው ያዩ ነበርና፣ ሥዕል በደሙ እንዳለ ይናገራል። ዳክዬው ደሴ መውጣት አላስፈለገውም። አያ ከርከሮ አጥሩ ላይ የሰቀለውን ጭነት ፈትቶ፣ ያንን የድሮውን የመስከረም ዋርካ፣ ከነቅጠሉ፣ ከነዘመናይ፣ በትልቅ ቆዳ ላይ ሣለው። አይጥ የበላችውን ክር በልቡ ሞላው።

ሥዕሉ በጣም ያምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ወደ ጦሳ አልላከም፤ ቆዳው ዘንድ ሄዶ በጣቱ ይነካል፤ ጠባቂው «አለ» ይለዋል፤ ይደሰታል። ንብ ዘመናይን አገኘቻት። ጃርት ቅርንጫፉን አረንጓዴ ሆኖ አየው። የአህዮቹ ማኅበርም የራሱን ሥዕል አሠራ፤ ከፊተኛው አንድ እጅ ይበልጣል። ሽማግሎቹም የራሳቸውን አሠሩ፤ በእሱ ላይ የቁራው አጎት ድርሻ ሰፋ ያለ ነው። ሰው ሦስቱንም ዞሮ የተሻለ ያለው ላይ ይስማማል።

የሚያስቸግረው ዋርካው ብቻ ነበር። አንድ መንገደኛ ከደሴ ወርዶ፣ ዛፉ ሥዕሉን እንደማይመስል ተናገረ። ጀማው ተቆጣ። ለአባ ጉሬዛ፣ ከሰላምታ በኋላ፣ ትእዛዝ ወጣ፤ ዋርካው ከሥዕሉ ጋር እንዲስተካከል።

አባ ጉሬዛ «ከየትኛው ሥዕል?» ብለው ጠየቁ። «እየታየ ነው» ተባሉ። እስኪታይ ከሦስቱም ጋር እንዲያስተካክሉት ታዘዙ።

በሥዕል ላይ ያልነበረው አዲስ ቅርንጫፍ ተቆረጠ። በሥዕል ላይ የነበረውና በነፋስ የወደቀው ከመሬት ተነሥቶ በገመድ ታሰረ። ዘመናይ ደርቃ ስለነበር በሁለት ሰንሰለት ተሰቀለች። በጋ ሲገባ ቅጠል መርገፍ ጀመረ፤ በሥዕሉ ላይ ግን የረገፈ ቅጠል አይታይም፤ አባ ጉሬዛ ሌሊቱን ሙሉ የወደቀውን ቅጠል እየለቀሙ በክር ሲያስሩ አነጉ። ክሩ ያው የመልእክቱ ክር ነበር፤ ለሌላ ሥራ የሚፈልገው አልነበረም።

ዋርካው በሁለተኛው ዓመት ደረቀ። አባ ጉሬዛ «ዋርካው ደርቋል» ብለው ላኩ። ጀማው ሥዕሉን አየ፤ ለምለም ነው። ጠባቂው ሐሰት ያወራሉ ተባለ። ሲመረመርም ከሦስቱ ሥዕሎች በአንዱም ላይ ጉሬዛ እንዳልተሣለ ተደረሰበት፤ ስለዚህ እዚያ መኖር እንደማይገባቸው ተገለጸላቸው። ካባቸውን አንሥተው ሄዱ። በምትካቸው ቀበሮ ተሾመ። የቀበሮ መልስ ፈጣን ነበር፤ ጥያቄው ሳይደርሰው «እየታየ ነው» ይላል፤ በዘመኑ ማንም ደጅ ጠናሁ ብሎ አላማረረም። ግንዱ ተፈልጦ፣ ከሰል ሆኖ፣ ሰኞ ገበያ ተሸጠ።

እመት ኤሊ ከጦሳ ሥር የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። ቆመው አዩ። ዞረው በሌላ በኩል አዩ። ከዚያ ከመሬት አንድ ቁራጭ ክር አንሥተው አንድ ቋጠሮ ቋጠሩና ጥንቸልን አስፈልገው አገኟት፤ አርጅታለች።

«ይህን ለኮምቦልቻ አድርሺልኝ» አሏት። «ዋርካው የለም።»

ጥንቸል ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ዓመት በኋላ ቀላል ነገር ተሸከመች፤ በዚያው ቀን ደረሰች። ጀማው መልእክቱን ተቀብሎ መረመረው። ሰላምታ አልያዘም። ዋርካውን በስሙ ይጠራል እንጂ ቁጥር አልጠቀሰም። የተከለከለ ቃል አለበት። ቋጠሮ ደግሞ፣ ለዚያውም ያለ አህያ። ተስተካክሎ በማኅበሩ በኩል እንዲመጣ ወደ ላኪዋ ተመለሰ።

ከዚያ አበጋሮቹ ስለ ዋርካው ተቀመጡ። ለቀረቡለት ጥያቄዎች በጊዜው ባለመመለሱ፣ ሦስት ሥዕል ቀርቦለት አንዱንም ባለመምሰሉ ጥፋተኛ ነው ብለው ፈረዱበት። ቁጥሮቹ ተነጥቀው በአዝዋ ገደል አፋፍ ለበቀለ አንድ ቁልቋል ተሰጡ። ድርሻ የነበረው ሁሉ በቁጥሩ ልክ ቁልቋሉ ላይ ተመደበ፤ ለዋኔ ሦስተኛው እሾህ ደረሳት።

የእመት ኤሊ መልእክት ከእርማቱ ጋር አሁን በአህያ ላይ ነው፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሀረጎን ገና አላለፈም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ፣ እባካችሁ፣ ክር የተጫነ አህያ ከፊታችሁ ካያችሁ ጡሩምባ አትንፉበት።